ከስምህ ፊት የሚጻፈው ቃል

ይድረስ ለሆዴ፣ ለሽፌ፤

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሊሆን ነው። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና መጠየቅ ወግ ነውና እጄ «እንደምን ሰንብተሃል» ብሎ ሊጽፍ ሲል ያዝኩት። አንተ ያለህበት ጤና የሚጠየቅበት አይደለም፤ የሚጠየቀው የእኛ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሩት ቁመቷ አንተን ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው፤ የዩኒፎርሟን ጫፍ እየፈታሁ ማስረዘም ሰልችቶኛል። እኔም የሐምሌው ብርድ ሲመጣ ጉልበቴን ከሚነዘንዘኝ በቀር ምንም አልሆንኩ።

እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ያለችው የጓሮ ቤታችን እንዳለች ናት። የአከራያችን የአቮካዶ ዛፍ ዘንድሮ ያለ መጠን አፍርቶ ፍሬው ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ያስደነግጣል። አንተ መጽሐፍ ስታነብ አንዱ በወደቀ ቁጥር ከወንበርህ ትዘል ነበር፤ ሩት ሁልጊዜ «ዳዲ ቢኖር ይዘል ነበር» ትላለች። ካፖርትህን ለማንም አልሰጠሁም። ብዙ ሰው ስጪ አለኝ፤ እምቢ አልኩ። ራዲዮኑን ግን ሩት ወደ መኝታዋ ወስዳዋለች፤ ዜና የምትሰማበት ይመስልሃል? ዘፈን ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ይወርዳል። ሩት ልታጠና ጓደኛዋ ቤት ሄዳለች፤ እኔ ወንበርህ ላይ ተቀምጫለሁ። ዌስትላንድስ ባለው ቢሮ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ደብዳቤ በታይፕ ስመታ ስለምሰነብት ላንተ በእጄ ልጻፍ አልኩ። የምጽፍልህ ደግሞ ለናፍቆት ብቻ አይደለም። ነገ ከጸሎት በኋላ መልስ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ፤ ጉዳዩም ያንተ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ትል አልነበር? ከሥሩ ልንገርህ።

የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ለመቃብርህ ድንጋይ ሊያሠሩልህ ነው። እስካሁን ያለው ሩት በቀለም ስምህን የጻፈችበት እንጨት ነው፤ ዝናቡ ፊደሉን እየላሰ ወስዶታል። ባለፈው እሑድ ጋሽ በየነ ጠሩኝ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ በየነ፣ ያ ድምፃቸው ማይክራፎን የማይሻው፤ ታስታውሳቸዋለህ። ድንጋዩ ላይ የሚቀረጸውን ጽሑፍ በወረቀት አሳዩኝ። «ዶክተር ሽፈራው» ይላል። ከሥሩ የመዝሙር ጥቅስ አለ፤ ጥቅሱ ደስ ይላል። ስሙም ያንተ ነው። ከስሙ ፊት ያለው ቃል ነው ያንተ ያልሆነው።

ይህንኑ ለጋሽ በየነ ነገርኳቸው። ሽፈራው ትምህርቱን ጀመረ እንጂ አልጨረሰም፤ ዶክተር ሳይሆን ነው የሞተው አልኳቸው። እሳቸውም በፍቅር ነው የመለሱልኝ። ሁላችንም ዶክተር ስንለው ኖረን መቃብሩ ላይ ሲደርስ ብንቀንስበት ሰው ምን ይለናል አሉኝ። ደግሞ እኮ፣ አሉ፣ ዕድሜ ቢሰጠው ይጨርሰው ነበር፤ እግዚአብሔር የጀመረውን እንደ ፈጸመ ይቆጥርለታል። እስከሚቀጥለው እሑድ አስቢበት ብለው ለቀቁኝ።

ሩትም ከእሳቸው ጋር ናት። «ማሚ፣ ዳዲ እኮ ዲዘርቭ ያደርገዋል» አለችኝ፤ ይገባዋል ማለቷ ነው፤ ቋንቋዋ እየተቀላቀለባት ቢሆንም የተናገረችው ከልቧ ነው። እኔስ? እውነቱን ልንገርህ፣ ቃሉን እፈልገዋለሁ። ትዳራችንን ሙሉ ከእኛ ጋር አንድ ቤት የኖረ ቃል ነው። ሲመጣ ሲመጣ ደርሶ የሚመለስ እንግዳ ሆኖብን ነበር። አሁን ማንም ሳይጠራው በራፌ ላይ ቆሞ ልግባ ሲለኝ አይሆንም ማለት እንዴት አይከብደኝ።

አንተ ግን ይህን ቃል ስትሰማ ፊትህ እንዴት ይቀላ እንደነበር አውቃለሁ። ሞያሌን ተሻግረህ ናይሮቢ እንደገባህ ነው የተለጠፈብህ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ዶክተር ነው ብለው ደመደሙ። አንድ እሑድ ጋሽ በየነ ጸሎት እንድትመራ «ዶክተር ሽፈራው ይምጡልን» ሲሉ፣ ተነሥተህ በጉባኤው መካከል ዶክተር አይደለሁም፣ ሁለተኛ ዲግሪ ብቻ ነው ያለኝ ብለህ ተናገርክ። ሰዉ እርስ በርሱ አንሾካሾከ። እኔ አንተን ያፈሩብህ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ለካ ትሕትናህን እያደነቁ ነው! ከዚያ ቀን በኋላ ዶክተር የማይልህ ሰው ጠፋ። በካድክ ቁጥር ይበልጥ ይጸናብህ ጀመር፤ በመጨረሻ አንተም ደክሞህ ዝም አልክ። ቤት ስትገባ ግን ጫማህን እየፈታህ «ዛሬም ያልሠራሁበትን ደመወዝ ከፈሉኝ» ትለኝ ነበር።

የሚያምህ ቃሉን ስለናቅከው አልነበረም። ስለምትፈልገው ነው። ይህን ከእኔ ሌላ ያወቀ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አዲስ አበባ የፋኩልቲው ጸሐፊ ሆኜ መጀመሪያ ያየሁህ ጊዜ ረዳት መምህር ነበርክ። የፈተና ጥያቄ ልትሰጠኝ ስትመጣ እጅ ጽሑፍህ የጉንዳን መንገድ ነበር፤ ምን እንደሚል ለማወቅ ደጋግሜ አስጠራህ ነበር። እውነት ጽሑፉ ሳይነበብ ቀርቶ እንዳይመስልህ። እንግሊዝ አገር ሄደህ በሁለተኛ ዲግሪ፣ በአንድ ሱፍና በጃንጥላ ተመለስክ፤ ሌክቸረር ሆንክ፤ ተጋባን። የመጀመሪያ ዓመት ኢኮኖሚክስ ስታስተምር ወንበር ያጣ ተማሪ መስኮት ላይ ይቀመጥ ነበር። ለዶክትሬት የሚቀበልህ ዩኒቨርሲቲም አገኘህ፤ እንዲያውም ለመንገድ ብለን ሻንጣ ገዝተናል። በዚያው ሰሞን መንግሥት ተለወጠ፤ መውጫው ተዘጋ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ሻንጣው ውስጥ የሩትን የሕፃንነት ልብስ ጨመርኩበት።

ከዚያ የመጣውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ብዙ አልጽፍም። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ መጽሐፍ ሰጡህና ከዚህ አትውጣ አሉህ። እሱን ቻልከው። ያልቻልከው ክፍሉ እየሳሳ መሄዱን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ገብተህ የስም ዝርዝሩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖርከው። ክፍል ውስጥ ስም እየጠራህ ኤልያስ የሚለው ላይ ስትደርስ መልስ አጣህ። ያ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጥያቄ የሚያበዛብህ ልጅ። ደግመህ ጠራኸው፤ ተማሪው ሁሉ አቀረቀረ። ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ ስም መጥራት ተውክ። ብዙም ሳትቆይ አገሩን ለቀቅክ፤ እኔና ሩትም በስንት መከራ ተከተልንህ።

ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ከጨርቅ መሸጫው በላይ ያለው የማታ ኮሌጅ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? ቀን የሚሠሩ፣ ማታ ለሒሳብ አያያዝ ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎች ናቸው ተማሪዎችህ፤ ደክሟቸው ይመጣሉ። አንተ ግን የቲማቲምና የሱኩማ፣ የዚያ የጎመናቸው፣ ዋጋ ለምን ከፍ ዝቅ እንደሚል ከገበያቸው እየጠቀስክ ስታስረዳ እንቅልፋቸው ይጠፋል አሉ። «ምዋሊሙ» ይሉሃል፤ አስተማሪያችን እንደ ማለት ነው። ሚኒባሱ፣ ማታቱ ውስጥ አንዱ ተማሪህ አይቶህ ምዋሊሙ ብሎ ቦታውን ሲለቅልህ ፊትህ እንዴት ይበራ እንደነበር አልረሳውም። በዚህ ቃል አንድም ቀን ቀልተህ አታውቅም።

ዶክትሬቱን ግን ከልብህ አላወጣኸውም። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሄደህ መመዝገቢያውን ጠየቅክ፤ የተሰጠህን የደንብ ወረቀት እራት ላይ አነበብክልኝ። የሁለቱም ዲግሪ ውጤት በእጅ የመጣ አይሆንም፤ ካስተማሩህ ዩኒቨርሲቲዎች ታሽጎ በቀጥታ መላክ አለበት። በትምህርት የሚያውቁህ ሰዎች ይመሰክሩልህ። የምታጠናውን በዝርዝር ጽፈህ አቅርብ፤ አማካሪ የሚሆንህ መምህር ከክፍሉ ፈልግ፤ ከዚያ ቃለ መጠይቅ አለ። ዲግሪህ የቆየ ከሆነ ደግሞ ክፍል ገብተህ ከልጆች ጋር ትፈተናለህ። እኔ ተቆጣሁ። አንተ ግን ደንቡን አልሰደብከውም። ልክ ነው፣ እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምጠይቀው አልከኝ፤ ደንቡ ያልጠረጠረው አገሩ የማይጽፍለት ሰው ይኖራል ብሎ ነው አልክ።

አዲስ አበባ ለጠፋ ሰው ውጤት ማን ይልካል? ከክፍሉና ከቀበሌ ዕዳ የለበትም የሚል ማስረጃ ያስፈልጋል። ሰው ልላክ ብትል የላክኸውን ሰው ማስጠርጠር ነው። እዚህ ዩኒቨርሲቲው ያለችው ጸሐፊ ደግሞ አንጀቷ ቢራራም የመጀመሪያው ዲግሪ ውጤት ሳይመጣ ፋይሉን መክፈት አልችልም አለችህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቅጹ መሳቢያ ውስጥ ገባ። በየዓመቱ ታወጣዋለህ፣ ታነበዋለህ፣ መልሰህ ትከተዋለህ። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ድስቴን አማስላለሁ።

ያ ሁሉ የተፈታው ካላሰብነው ቦታ ነው። ለእንግሊዙ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ውጤትህን እንዲልኩ ጽፈህ ነበር። እነሱ ለካ ድሮ ስትገባ ከአዲስ አበባ የተላከላቸውን የመጀመሪያ ዲግሪ ውጤት አልጣሉትም፤ ሳትጠይቃቸው ትክክለኛ ግልባጭ ነው ብለው አትመው ሁለቱንም አንድ ላይ ላኩት። ጸሐፊዋ ስትነግርህ ከመሃል ከተማ እስከ ኪሊማኒ በእግርህ መጣህ። ማታቱ ለምን አልያዝክም ብልህ ረሳሁት አልከኝ። ያን ቀን ሳይህ ሰው ደስ ሲለው እንዲህ ሕፃን ይመስላል ብዬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የጥናት ዕቅድህን እኔ ነኝ የመታሁልህ፤ መንግሥት የእህል ዋጋ ሲወስን ገበሬው ምን ያደርጋል የሚለውን። የጉንዳን መንገዱን ማንበብ እኔ ብቻ ነኝ የምችለው። ያስተማሩህ ሽማግሌ እንግሊዛዊና የማታው ኮሌጅ ኃላፊ መሰከሩልህ። ቃለ መጠይቁን ስንጠብቅ ነው እንግዲህ ጸሎት ቤት ውስጥ ወሬ የመጣው፤ አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ዶክተር ውጭ ተምሮ በዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚክስ ክፍል ሊያስተምር መጥቷል ተባለ። ስሙን ጠየቅክ። ኤልያስ አሉህ፤ የአባቱንም ስም ነገሩህ።

የዚያን ቀን እህል አልቀመስክም። በሕይወት አለ፣ አለ እኮ ዘኔ እያልክ ቤቱን ተመላለስክበት። በነጋታው ሮጠህ የምታቅፈው መስሎኝ ሸሚዝህን ተኮስኩ። አንተ ግን አልሄድክም። ብልህ ብሠራህ አልሄድም አልክ። ማመልከቻዬ እሱ ያለበት ክፍል ተቀምጦ እንዴት ሄጄ እጁን እይዛለሁ፣ አስተማሪዬ አማላጅ ፍለጋ መጣ ይለኛል አልከኝ። እሱ ከሚያልፍበት መንገድ እየሸሸህ በዙሪያ መንገድ ትሄድ ጀመር። ሞቷል ብለህ ያለቀስክለትን ልጅ! ይሉኝታህን እወድልህ ነበር ሽፌ፤ ያን ሰሞን ግን በአናትህ ውሃ ላፈስብህ ምንም አልቀረኝ።

ቃለ መጠይቁ ክፍል የሆነውን አንተም ነግረኸኛል፣ ኤልያስም በበኩሉ ነግሮኛል። ሁለታችሁ የምትለያዩበት የለም። በሩን ከፍተህ ስትገባ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ኬንያውያን ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ከዳር ኤልያስ አለ። ስምህን ከማመልከቻው አይቶ ስለነበር እንደ ዳኛ እንጂ እንደ ልጅ አልሆንም፣ ሥራዬን ልሥራ ብሎ ከቤቱ ምሎ ነው የወጣው። በሩ ሲከፈት ግን እግሩ አልሰማውም። «ኖር» ብሎ ብድግ አለ። ሰብሳቢው ባልደረባቸው ሲነሣ አይተው፣ ትልቅ ሰው የመጣ መስሏቸው እሳቸውም ተነሡ። የቀሩትም ተነሡ። ሊፈትኑህ የተቀመጡት ሰዎች በሙሉ ቆመው ያዩህ ጀመር።

አንተም በሩ ላይ ደርቀህ ቀረህ። ሰው ቆሞልህ አትቀመጥ፤ ኤልያስም አንተ ቃል ሳትናገር አይቀመጥ፤ እነሱ ደግሞ ምን እንደሚጠበቅ አያውቁ። በመጨረሻ እንደ ምንም ብለህ «በእግዜር» አልክ። ኤልያስ ተቀመጠ፤ ሁሉም ተቀመጡ። ሰብሳቢው ምን ዓይነት ቃል ነው ብለው ጠየቁ። ኤልያስ አስተማሪዬ ናቸው ብሎ አስረዳቸው፤ በእኛ አገር የተነሣለት ሰው ይህን ካላለ የተነሣው አይቀመጥም አላቸው። ሰብሳቢው በእኛም ዘንድ ለታላቅ ይነሣል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ጥያቄውን ግን አላቀለሉልህም። በዚህ ዕድሜ ለምን አሉህ፤ የአገርህን ገበሬ የምታጠናበትን ቁጥር ከየት ታመጣለህ አሉህ። የአገሬን ላገኝ አልችልም፣ የእናንተን በቆሎ አጠናለሁ ብለህ መለስክ። ኤልያስ አንድም ጥያቄ አልጠየቀህም።

ተቀበሉህ። ደንቡ ግን ደንብ ነውና የቁጥሩን ትምህርት፣ ኢኮኖሜትሪክስ የምትሉትን፣ ከልጆች ጋር ክፍል ገብተህ ማለፍ ነበረብህ። የሚያስተምረው ኤልያስ ነው። እኔ ታፍራለህ ብዬ ፈራሁ፤ አንተ እርሳስህን እየቀረጽክ ታፏጫለህ! የመጀመሪያው ቀን ኤልያስ ሲገባ በተራህ ተነሣህለት፤ ዛሬ አስተማሪው እሱ ነው አልክ። ስም መጥራት ጀመረ። ያንተ ላይ ሲደርስ «አቤት» አልክ፤ በአማርኛ። ልጆቹ ሳቁ። ኤልያስ ዞሮ ሰሌዳውን ሲያጠፋ ቆየ፤ ሰሌዳው ላይ ግን ገና የተጻፈ ነገር አልነበረም። ይህን አንተ አልነገርከኝም፤ እሱ ነው የነገረኝ።

ፈተናውን አለፍክ፤ ከብዙዎቹ ልጆች በልጠህ። ለዶክትሬት ተመዘገብክ። ያ ዓመት የትዳራችን ጥሩ ዓመት ነበር። ማለዳ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ማታ ወደ ኮሌጅ፣ ቅዳሜ ከበቆሎ ነጋዴዎች ጋር ስታወራ መዋል። ሰው ዶክተር ሲልህ እንኳ እንደ ድሮው አትቀላም፤ ገና ነኝ ትላለህ። ገና የሚለው ቃል አፍህ ላይ ጣፍጦህ ነበር። አንድ ማለዳ ልትወጣ ጫማህን እያሰርክ ሳለ ልብህ ቆመ። አንዱ ጫማህ ታስሮ አንዱ ሳይታሰር። አከራያችን ሰምታ መጥታ ከአጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጣ «ፖሌ፣ ፖሌ» እያለች፣ በቋንቋቸው አይዞሽ እያለች፣ እጄን ይዛ ዋለች።

ስለዚህ ምን ልበላቸው? ዶክተር የሚለው ቢቀረጽ የሚያፍርብን የለም፤ ማንም አይጠይቅም። ቢቀር ደግሞ ጋሽ በየነን አስቀይማለሁ፤ ሩትን አስከፋለሁ። አንተ ግን ላልሠራህበት ደመወዝ መቃብርህ ውስጥ ዘላለም ስትቀላ ልትኖር ነው? ዝናቡ አባራ። ሩት መጣች መሰለኝ፤ እዚህ ላይ ላቁም።

*

ሽፌ፣ ደብዳቤህን መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጥኩት ሳምንታት አለፉ። መልሱን ሳልነግርህ ልዘጋው ብል አስቸገረኝና እንደገና አወጣሁት።

ያን እሑድ ለጋሽ በየነ መልስ ከመስጠቴ በፊት ኤልያስን አብሮኝ እንዲሄድ ለመንኩት። እሱ ዶክተር ስለሆነ የእሱ ቃል ይከብዳል ብዬ ነው፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም ነበር። ጋሽ በየነ ነገሩን ሁሉ በዚያ ድምፃቸው አስረዱት። ቃለ መጠይቁ ላይ እንደተነሣህለትም ሰምተናል አሉት፤ አንተ ራስህ ያከበርከውን ሰው እኛ እንዴት እናሳንሰዋለን አሉ።

«ጋሽ በየነ፣ እኔ ለዶክተር አልተነሣሁም» አለ ኤልያስ። «ዶክተር የሆንኩት እኔ ነበርኩ። የተነሣሁት ለአስተማሪዬ ነው።»

ጋሽ በየነ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ሲል ሰማሁ። እንግዲህ ምን ይጻፍ አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር» ይበል አልኩ። ሩት ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ የምትቆጣ መስሎኝ ስዞር ከሥሩ በፈረንጅ ፊደል ምዋሊሙ ይጨመርበት፣ የማታ ተማሪዎቹ አማርኛ ማንበብ አይችሉም አለች። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ልጅህ ነች።

ድንጋዩ ባለፈው እሑድ ተተከለ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ጋሽ በየነ ከጸሎት ቤቱ ወንበር አስጭነው ላንጋታ መቃብር ድረስ አስመጥተዋል፤ ሰው ብዙ ነበር። የማታ ተማሪዎችህ ከሥራ ልብሳቸው ጋር የመጡም አሉ። ጸለይን፣ ዘመርን፤ ድንጋዩ ላይ የነበረው ጨርቅ ተነሣ። መምህር ሽፈራው። ጽሑፉ እንደ ሌላው ሰው መቃብር ነው፤ ምንም የተለየ ነገር የለውም። እኔ ግን ሳየው ቀለል አለኝ።

ከዚያ ጋሽ በየነ ሰው እንዲቀመጥ ተናገሩ፤ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ኤልያስ አልተቀመጠም። እጁን አጣምሮ ድንጋዩ ፊት እንደቆመ ነው። ከኋላው ያሉት የማታ ተማሪዎችህ እሱን አይተው ቆሙ። ሩትም ከአጠገቤ ተነሣች። የተቀመጡት ሽማግሌዎች ግራ ገብቷቸው አንድ በአንድ እንደገና ተነሡ። ጋሽ በየነ ምን ጎደለ በሚል ዓይን አዩኝ። የጎደለው የገባኝ እኔ ነኝ። የተነሣን ሰው የሚያስቀምጠው የተነሣለት ሰው ቃል ነው፤ አንተም ሰው ቆሞልህ እያየህ ዝም የምትል ሰው አልነበርክም።

ስለዚህ ባንተ ፈንታ እኔ አልኩልህ፣ ሆዴ። ሁሉም ሰምተውኛል።

«በእግዜር» አልኩ። «በእግዜር፣ ተቀመጡ።»

ተቀመጡ።

አልረሳህም ብሎ መማል ለእኔ ቀላል ነው፤ ይህን ያልማለ ሚስት የለም። እኔ የምምልልህ ሌላ ነው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ናይሮቢም ይሁን እግዚአብሔር ፈቅዶ አገራችን፣ ላንተ ብሎ የተነሣ ሰው መልስ አጥቶ ቆሞ አይቀርም።

ያንተዋ ዘኔ